ሌንሴ ስታሰላ

ይህን ለባሌም፣ ለጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎችም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ነቀምቴ አቅራቢያ ባለችው ትንሽ ከተማ ኡኬ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ዳይሬክተራችን ነቀምቴ ለስብሰባ ሄዶ፣ በሚኒስትሪ ፈተና ውጤት በሰው ፊት ተዋርዶ ተመለሰ። «ዘንድሮ የሚወድቅ ተማሪ ማየት አልፈልግም» አለን። እንዴት አድርገን? አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲያ ማስተማሬን ተውኩት ማለት ይቻላል። የቆዩ ፈተናዎች እየሰበሰብኩ ልጆቹን ምርጫ ማጥቆር ብቻ አለማምዳቸው ጀመርኩ።

ሌንሴ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ጥያቄውን ትሠራዋለች፤ ግን ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቁጥሮቹን በሹክሹክታ ለራሷ እየነገረች ነው። የሠራችውን አትስትም። ደወሉ ግን ይቀድማትና ግማሹ ወረቀት ባዶውን ይቀራል። እንደምትወድቅ ገባኝ።

እናቷን አዴ ኩሜን አስጠራኋቸው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ በኦሮምኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንዲህ አልኳቸው፦

«ልጅዎ ብቻዋን ታወራለች። የሆነ ነገር ሳይዛት አይቀርም። ፈተናው ይቅርባት፤ ካስጨነቋት ይብስባታል።»

እያሰላች እንደነበር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አውቄ ነው ያልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

አዴ ኩሜ ሁለት እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። «ዋቀዮ፣ አምላኬ! ባርሲፍቱ ኮ፣ የእኔ መምህርት፣ እኔም እኮ ሰምቻት አውቃለሁ» አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃቱ ሲገባ አየሁት።

ሌንሴን ለጸሎት ወሰዷት። የሚጸልዩላት ሰዎች እጃቸውን ጭነውባት፣ የያዛት ነገር ስሙን ተናግሮ እንዲወጣ አዘዙ። «እየደመርኩ እኮ ነው» ብላ አለቀሰች አሉ። አላመኗትም። ደጋግመው ወሰዷት። ውላ አድራ እሷም ራሷን መጠርጠር ጀመረች፤ ከዚያ ከሰው ጋር መነጋገር ጭራሽ ተወች።

ሌንሴ ለፈተናው አልተቀመጠችም፤ የተፈተኑት ሁሉ አለፉ። ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ፤ ነቀምቴም ተዛወርኩ።

ከዓመታት በኋላ ለለቅሶ ኡኬ ስሄድ አዴ ኩሜ መንገድ ላይ አገኙኝና ጎትተው ቤታቸው አስገቡኝ። ሌንሴ ትልቅ ሴት ሆናለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ።

«ኤ… ሲ… ሲ… ቢ…»

ቁጥር የለም። ስሌት የለም። መልስ ብቻ። የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? ማን ነው የሚጠይቃት? ትንፋሼን ስትሰማ ዝም አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የሚቀጥለውን ጥያቄ ከእኔ የምትጠብቅ መሰለችኝ።

አዴ ኩሜ ወተት አቀረቡልኝ። «አንቺ ቀድመሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» አሉኝ። እያመሰገኑኝ ነው! ወተቱን ጠጣሁት።

ከዚያ ትንሿን ልጃቸውን ከጓዳ ጠሩ። «ይቺንም ጀምሯታል መሰለኝ። እስቲ አንቺ እይልኝ።»

ልጅቷ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጎንበስ ብዬ ሰማሁ፤ እያባዛች ነው።

«ይቺ ጤነኛ ናት» አልኩ። «እያሰላች ነው። እባክዎ የትም እንዳይወስዷት፤ ፈተናውንም እንዳያስቀሯት።»

አዴ ኩሜ ወደ ግድግዳው የዞረችውን ሌንሴን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌንሴስ?» አሉ ቀስ ብለው። «የሌንሴስ ምን ነበር?»

ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ታክሲ እስካገኝ ድረስም ዞር ብዬ አላየሁም።

ዳይሬክተሩ ነው ልል እችላለሁ። ፈተናው ነው፣ ስብሰባው ነው ልል እችላለሁ። ከእነሱ አንዳቸውም ግን ያቺን እናት በር ላይ አቁመው አልዋሿትም። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አዴ ኩሜ ጠይቀውኛል፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ኡኬን በመኪና ሳልፍ የመስኮቱን መጋረጃ እስባለሁ።