አሸዋ ላይ የወደቀው ጄት

የተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ የነበረው አቡ ሚሽዓል ጡረታ ከወጣ በኋላ በሪሞት የሚበር ትንሽ ጄት በእጁ ሠራ። ማብረሩን ቶሎ ለመደው፤ ማሳረፉ ግን ሁለት ዓመት ፈጀበት። አስተማሪው ጃሲም፣ «አትቸኩል። ፍጥነቱን ከሩቅ ቀንስ፤ አፍንጫውን ቀና አድርግና የኋላ ጎማው ቀድሞ ይንካ። መንገዱ ላይ ሰው ካለ ግን ጄቱን እርሳው፤ ይሰበር» ይለው ነበር።

በክለባችን የማሳረፍ ውድድር ቀን፣ ከኩዌት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳችን፣ ጄቱ ሊያርፍ ሲዞር ሞተሩ ጠፋ። የማረፊያው አስፋልት ላይ ለመድረስ፣ የመከለያውን ገመድ ጥሰው ፎቶ በሚያነሱ ተመልካቾች አናት ላይ ማለፍ ነበረበት። አቡ ሚሽዓል ወደ በረሃው አዞረው። ጄቱ በአፍንጫው አሸዋው ላይ ተተክሎ ተሰባበረ።

«አቡ ሚሽዓል፣ ድንች እየተከሉ ነው እንዴ?» አለ ወጣቱ ተፎካካሪው ነዋፍ። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ጭምር።

ቀጥሎ ነዋፍ የራሱን ጄት በእነዚያው ሰዎች አናት ላይ ዝቅ አድርጎ አሳልፎ አሳረፈ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ዋንጫውንም ወሰደ።

ጃሲም ስብርባሪውን ወደሚለቅመው ወዳጁ ተጠግቶ፣ «ልክ ነህ እኮ» አለው በሹክሹክታ።

«ታዲያ ጮክ ብለህ አትነግራቸውም?»

ጃሲም ከነዋፍ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሄደ። አቡ ሚሽዓል ከዚያ ወዲህ ሜዳውን አልረገጠም።