መጀመሪያ የሚንኳኳው በር

ታላቅ እህቴን በጋራዦቹ ሰፈር የሚያውቃት ሁሉ «ሙጫዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎሚስታው ነው፤ አንዴ የያዘችውን እንደማትለቅ ከጎማ ጥገናው በር ላይ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ያየ ሰው ነው። የመኪና ወንበር ልብስ እንሠራለን። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ቂም መያዝ ላይ ግን እኩል ነን፤ እናታችን ሌላ ያወረሰችን ሀብት የለም።

ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ከእኛው መደዳ የመኪና ባትሪ ይጠግን ነበር። የሞተውን ባትሪ ይፈታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ በብረት ድስት ያቀልጣል፣ ጭሱን እየማገ መልሶ ያፈሰዋል። ሳቂታ ነበር። ቤት ሲገባ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ነበር ልጁን የሚያቅፈው።

አንድ ቀን ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ከምርምር ተቋም መጡ። መሪያቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ዶክተር ነበር። የባትሪ ሠራተኞችን ደም ለመመርመር ገንዘብ ተገኝቷል አለን። ጋሼ ክንዱን ሰጠ። «ውጤቱን መጥተን እንነግራችኋለን» አለ ዶክተሩ፣ የእህቴን እጅ ጨብጦ። አመነችው።

አልመጡም። ጋሼም ድስቱን አልተወም። መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፣ ቀጥሎ እጁ ዛለ፣ በኋላ የገዛ ልጁን ስም መጥራት አቃተው። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ኩላሊቱ ሥራውን አቁሟል ተባልን። ተመልሶ አልመጣም።

ለቅሶው ላይ ያኔ ደሙን የቀዳችው ነርስ መጣች። ደግ ልጅ ናት፣ ሳይመጡ መቅረታቸውን አታውቅም። እህቴ አጠገብ ቁጭ ብላ እንባዋን እየጠረገች፣ «ያኔ ውጤቱ ሲነገራቸው ሥራውን አልተዉትም ነበር እንዴ?» አለቻት። እህቴ እጇን ይዛ የምታውቀውን ሁሉ አስነገረቻት። ለካ ውጤቱ ደሙ በተቀዳ ሰሞን ታውቆ ኖሯል! ለካ ዶክተሩ ጽፎበት፣ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ አቅርቦት፣ ተጨብጭቦለት ኖሯል! እህቴ ከዚያች ደቂቃ በኋላ አላለቀሰችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ለመርሳት የሞከረችም አይመስለኝም።

ዓመታት አለፉ። ልጇ ጎረመሰና ያንኑ የአባቱን ድስት ያዘ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ እኔም ጮኽኩበት። «እማ፣ አባዬን የገደለው ኩላሊት ነው፤ እርሳስ ምን አደረገ?» ይላታል። ተመርመር ስትለው ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ግን ሆዱን ሲያሽ አይቻለሁ። እሷም አይታለች።

በዚህ መሀል ለኅብረተሰብ ጤና ምርምር አዲስ የድጋፍ ገንዘብ መገኘቱን ሬዲዮ አወራ። ብዙም ሳይቆይ ያ ዶክተር ከተፍ አለ፤ ሸብቶ፣ ወፍሮ፣ በአዲስ መኪና። የአሁኑ ገንዘብ ግን ጣጣ ነበረበት። የሰፈሩ ሰው ተወካይ መርጦ፣ ተሰብስቦ ካልተስማማ አይለቀቅም። ሰፈሩ ማንን የመረጠ ይመስላችኋል? ሙጫዋን።

ዶክተሩ እንደ ድሮው እጇን ጨበጠ። «ከዚህ በፊት ተገናኝተን እናውቃለን እንዴ፣ እናቴ?» አላት። በዕድሜ እኮ ይበልጣታል!

«እንጃ» አለችው።

ሱቃችን እንደገባን በሩን ዘጋሁት። «እትዬ፣ እምቢ በይው! ገንዘቡ ይቅርበትና አፈር ይብላ!» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ እምቢ ብንለው ሌላ ሰፈር ይዞት ይሄዳል» አለችኝ፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች። «ልጄስ? ሰፈሩ ሁሉ ክንዱን ሲሰጥ እሱ ብቻውን እምቢ አይልም። ደሙ መታየት አለበት። ሰውየውም የእጁን ማግኘት አለበት። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

ስብሰባው ጎሚስታው ግቢ ተደረገ። ሰው ሁሉ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዶክተሩ ማሩን አንጠባጥቦ ሲጨርስ፣ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እህቴ ተነሣች።

«የባለቤቴን ውጤት ይንገሩኝ፣ ዶክተር» አለችና የጋሼን ስም ከነአባቱ ጠራች።

ያኔ አወቃት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ያ ጥናት እኮ ተዘግቷል፣ እናቴ። ቤት ለቤት ሰው የምንልክበት በጀት አልነበረንም። ፕሮጀክቱ አልቆ ነበር» አለ።

«የእናንተ ፕሮጀክት ሲያልቅ የእኔ ባል ገና አላለቀም ነበር።»

ጎሚስታው፣ «በል መልስላት!» ብሎ ጮኸ። እሷም ቆማ ሰፈሩ የሚስማማው በምን ቃል እንደሆነ ነገረችው። ያኔ ደም የሰጡትን ሁሉ ቤት፣ የሞቱትንም ጭምር፣ በእግሩ ዞሮ ውጤታቸውን ራሱ ይናገራል። ረዳት መላክ የለም። የአዲሶቹንም ውጤት በገዛ እጁ ያመጣል። ጥናቱ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ በየዓመቱ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው፤ እዚያ ቆሞ የጋሼን ውጤት ይናገራል። ዶክተሩ ላቡን ጠረገ፣ ወደ መኪናው አየ፣ እሺ አለ። የሁላችንም እጅ ወጣ።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ልጇን አጠገቧ አቁማ ጠበቀችው። ዶክተሩ የጋሼ ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ ይበልጥ እንደነበር ተናገረ።

«ያኔ ሥራውን ቢያቆምስ?» አለችው።

«ሊተርፍ የሚችልበት…»

«አፍህን ሞልተህ ተናገር።» እርስዎ ማለቷ እዚያ ላይ አበቃ።

«ይተርፍ ነበር» አለ።

ልጇ የጠቆሩ እጆቹን ዝቅ ብሎ አየ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ክንዱንም ደም ልትቀዳ ከዶክተሩ ጋር ለመጣችው ነርስ ዘረጋ። ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፣ ዶክተሩ ራሱ አመጣው። መጥፎ ነበር፤ ግን ጊዜው አላለፈም። ድስቱን ያን ዕለት ጣለው። አሁን ከእኔ ጋር ቆዳ ይቆርጣል፣ ያውም አጣሞ።

«እንግዲህ አሁን ይውጣልሽ» አልኳት፣ ልጁ ሲያገግም።

«ምኑ?» አለችኝ።

ዘንድሮ በሩ ሲንኳኳ አውቃ አንድ ስፌት እስክትጨርስ አቆመችው። ከዚያ ከፈተች። ዶክተሩ ወረቀት እንኳ አልያዘም። የጋሼን ስም ከነአባቱ ጠራ፣ ውጤቱን ተናገረ፣ «ይተርፍ ነበር» የሚለውንም ሳትጠይቀው ጨመረ። ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። እኔን እንኳ፣ ክፉዋን፣ ትንሽ አሳዘነኝ።

እህቴ መርፌ ወለል ላይ ብትወድቅ የምትሰማ ሴት ናት።

«አልሰማሁም» አለችው። «ድገመው።»