በርጫ፣ ለሀጫሙ ቦክሰራችን

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ ያለ የውሻ ፎቶ አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ የምን ዘር ውሻ እንደሆነ እወቂ አለችኝ። እንደማላውቅ እርግጠኛ ሆና ልትስቅብኝ ተዘጋጅታለች። ቦክሰር ነዋ! እኔን ነው ስለ ቦክሰር የምትጠይቀኝ? እኔ ቦክሰርን ያወቅሁት በስልክ አይደለም። ልጅ ሆኜ፣ ከተማችንን ጭሮን ትልልቆቹ ሁሉ አሰበ ተፈሪ እያሉ በሚጠሩበት ጊዜ፣ አንገቱን አቅፌ ነው ያወቅሁት።

አባቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ የመቻራን ቡና ወደ ድሬዳዋ ያመላልሳል። አንድ ቀን ጋቢናው ውስጥ ቡችላ ይዞ መጣ። አገር ለቀው የሚሄዱ ሰዎች ሰጥተውት ነው። እናቴ ብቅ ብላ አየችውና፣ ይሄን ፊቱን በር መትቶት ነው እንዴ ብላ በሳቅ ፈረሰች። አባቴ ግን ኮራ ብሎ የቦክሰርን ምልክቶች አንድ በአንድ አሳየኝ። አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው፤ የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ቀድሞ ይወጣል። ሰውነቱ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ አፉ ዙሪያ ጥላሸት የነካው ይመስላል፤ ደረቱና የእግሩ ጣቶች ነጭ ናቸው። ግንባሩ ሐሳብ እንደገባው ሰው የተሸበሸበ ነው። ሲደሰት ጭራውን ብቻ ቆልቶ አይበቃውም፤ ወገቡ እስኪታጠፍ ድረስ መላ አካሉን ያወዛውዛል። ከንፈሩ ስለሚንጠለጠል ደግሞ ለሀጩ አያቆምም። ይህቺን የመጨረሻዋን ምልክት እናቴ ማንም ሳያስረዳት በመጋረጃዋ ላይ አወቀቻት።

ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ያ የተንጠለጠለ ጉንጩ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ወጥሮ የተቀመጠ ሰው ያስመስለው ነበርና በከሰዓቱ የጫት መቃም ስም በርጫ አሉት፤ በርጫ ሆኖ ቀረ። እሱም የሚወደው ሰው አጥቶ ይመስል ጎረቤታችንን ጫት ነጋዴውን ሐጂ ዑመርን ወደደ። ሐጂ ነጭ ልብስ ለባሽ፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ ሰው ናቸው። የውሻ ለሀጭ ልብሳቸውን ከነካው ሳያጥቡት መስገድ አይሆንላቸውም። ዉዱእ አድርገው፣ ለሰላት ታጥበው ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲሉ በርጫ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስና ሽርጣቸውን ያረጥበዋል። ያ አላህ እያሉ ይመለሳሉ፤ ይታጠባሉ፤ ልብስ ይቀይራሉ። ለእኔ ደግሞ፣ ይሄን ሰውዬሽን ያዢልኝ ይሉኛል። አንድም ቀን ግን ድንጋይ አንስተውበት አያውቁም።

ከዚያ አንድ ክረምት የእብድ ውሻ ወሬ መጣ። ገበያው ዳር አንድ ውሻ ጥጃ ነክሶ፣ ጥጃውም ሞተ ተባለ። የቀበሌ ጥበቃዎች የሚያጠራጥር ውሻ ሁሉ እንዲወገድ ታዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። እኛ ግቢ ሲደርሱ በርጫ መሀል ላይ ቆሟል። የታችኛው ጥርሱ ወጥቷል፣ ለሀጩ እስከ መሬት ይንጠባጠባል። እነሱ ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ይፈልጋሉ? ገመድ አወጡ።

አባቴ መቻራ ነበር፤ ዝናብ መንገዱን ቆርጦበታል። እኔ የበርጫን አንገት አቅፌ፣ ቦክሰር ነው፣ አፉ እንዲሁ ነው፣ ሲፈጠርም ለሀጫም ነው እያልኩ አባቴ ያስተማረኝን ሁሉ እያለቀስኩ ደረደርኩት። የልጅ ወሬ ማን ይሰማል። ሮጬ በሳፋ ውሃ አመጣሁለት። የታመመ ውሻ ውሃ ይሸሻል ሲባል ሰምቼ ነበር። እሱ ደግሞ እንደልማዱ ውሃውን ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ጥበቃዎቹ እግር ላይ ረጨው። አንደኛው ጥበቃ ልቡ ራራና፣ ኃላፊነት የሚወስድ አዋቂ ካለ ጥቂት ቀን ታስሮ ይታይ አለ። እናቴን አየኋት። ታናሽ ወንድሜ ገና ጨቅላ ነው፤ በእቅፏ እንደያዘችው እንባዋ እየወረደ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። እንዴት ብዬ እፈርድባታለሁ? በርጫ አለቀለት አልኩ።

ሐጂ ያልኩትን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው ኖሮ በአጥሩ በር ገቡ። ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ዉዱእ አድርገው ነበር፤ ክንዳቸው ገና አልደረቀም።

"ይሄ ውሻ እኔን ያላረጠበበት ቀን የለም" አሉ። "በሽታ ቢኖርበት ከሁሉ በፊት የምሞተው እኔ ነኝ። በእኔ ስም ይሁን፤ እኔ ግቢ ይታሰር።"

ገመዱን በእጃቸው ተቀበሉ። በርጫ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ላሰው። ወስደው ጫት ከሚለቀምበት ዳስ ጀርባ አሰሩት፤ ከዚያ እንደገና ሊታጠቡ ገቡ።

እነዚያን ቀናት እንቅልፍ አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪ ይዤ ስሄድ ሐጂ ቀድመውኝ ራቅ ብለው ቆመው አገኛቸዋለሁ። አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ይሉታል፣ ከሰው ጋር እንደሚነጋገር ሰው። በርጫም ወገቡን አጥፎ ይወዛወዝላቸዋል። አባቴ በጭቃ ተለውሶ ሲመለስ በርጫ ተፈትቶ በር ላይ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ሸብቶ፣ አፉ ነጭ ሆኖ ነው በእርጅና የሞተው።

ዘንድሮ ጭሮ ሄጄ ቀበሌው ጓሮ የውሻ ክትባት ሲሰጥ አየሁ። ልጆች ውሾቻቸውን በሲባጎ እየጎተቱ ተሰልፈዋል። ደስ ያሰኘችኝ ከመርፌው ይልቅ ሐኪሟ ነች። ጎንበስ ብላ፣ ይበላል ወይ፣ ይጠጣል ወይ፣ ጠባዩ ተቀይሯል ወይ እያለች የምትጠይቀው ልጆቹን ነው፤ የነገሯትንም ከልቧ ታዳምጣለች። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የት ነበር!

ሐጂ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ልጃቸው ደግፋ ነው የምታስቀምጣቸው። ያየሁትን አጫወትኳቸውና፣ ያኔ እርስዎ በርጫን ባያውቁት ኖሮ አልቆለት ነበር አልኳቸው። ሐጂ ሳቁ።

"እኔማ ውሻ በምን አውቄ?" አሉኝ። "በጣም ፈርቼ ነበር። አንቺን ነው ያመንኩት።"