«ረስተውት ነው» አልኳቸው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ጣራ ገዳም ወጥቼ ንስሐ በገባሁ ጊዜ እንኳ ስካሬን ተናገርኩ፣ ቁጣዬን ተናገርኩ፣ ይህችን ግን ዘለልኳት። ዘንግቻት አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ አሮጌ መኪና አድሳለሁ። ላሜራ አቀናለሁ፣ ዝገት አነሣለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስመኝ የምትባል ሴት የአባቷን መኪና አስጎትታ አመጣችልኝ። ብዙ ዘመን ቤሩት ሠርታ መመለሷ ነበር። አባቷ አያ ጓንጉል ዕድሜያቸውን በሹፍርና የጨረሱ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ክረምት ሲፈራረቅባት ኖራ፣ የፊት መከላከያ ብረቷ ፓራውልቱም፣ የመብራቶቿ ዙሪያም፣ በሮቿ ላይ የተጋደመው የኒኬል ጌጥም ዝጓል።

«ድሮ እንደነበረች አድርግላቸው» አለችኝ ስመኝ። «ባያዩዋትም ይዳስሷት።»

እሷ በር ላይ ቆማ ስልክ ስታወራ፣ አያ ጓንጉል እጄን ይዘው ወደ ሾፌሩ በር ወሰዱኝ። አውራ ጣታቸውን ጌጡ ላይ ካለች ጎድጓዳ አሳረፉ።

«ይችን አየሃት? ባለቤቴ በዘነዘና የመታቻት ናት» አሉና ሳቁ። «የስመኝ ክርስትና ዕለት፣ እንግዳው ቤቱን ሞልቶት፣ እኔ መኪና ስወለውል ብታገኘኝ! ዝገቱን በአመድና በሎሚ ቀስ እያልህ አንሣልኝ። ጎድጓዳዋን ግን እንዳትነካት።»

«እሺ አያ» አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ፓራውልቱን እንደሚገባ ሠራሁት። በአመድና በሎሚ እያሸሁ ሁለት ቀን ዋልኩበት፤ ፊቴ ሲታይበት ደስ አለኝ። የበሩን ጌጥ ግን ዝገቱ ዘልቆታል፤ ሰለቸኝ። ፈትቼ የባትሪ አሲድ ውስጥ ነከርኩትና ምሳ ሄድኩ። እዚያም ጨዋታ ያዘኝ። ስመለስ ኒኬሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፏል፤ ሥሩ ያለው ብረት ጠቁሮ ተበልቷል። ጎድጓዳዋ የነበረችበት ቦታ ተቦድሷል።

ያን ጊዜ ሄጄ «አበላሸሁት» ብል ምን እሆን ነበር? ይቆጡኝ ነበር፤ ያዝኑብኝ ነበር፤ በቃ። እኔ ግን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐሙሲት ወረድኩ። እዚያ አንድ ግቢ ውስጥ የአያ ጓንጉል ዓይነት መኪና ተበላሽታ ቆማለች፤ ባለቤቷን ለምኜ የበሯን ጌጥ ፈታሁ። ወልውዬ ገጠምኩት። የሚያበራ፣ ቀጥ ያለ።

ሊረከቡ የመጡ ዕለት አያ ጓንጉል መኪናዋን ከፊት ጀምረው ዳሰሷት። ፓራውልቱ ላይ «ተባረክ» አሉኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ይህ የኔ አይደለም» አሉ።

«የርስዎ ነው አያ።»

«ጎድጓዳዋስ?»

ስመኝ እያየችኝ ነበር። «ጎድጓዳ የለውም» አልኩ። «ረስተውት ነው።»

«ባለቤቴ የመታቻት…»

ወደ ስመኝ ዞርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አዛኝ መስዬ፣ «ባለፈውም እንዲህ የሌለ ነገር ሲናገሩ ነበር፤ ሐኪም ይያቸው» አልኳት። የታመመው ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አልነበረም። ሰሙኝ።

አልተከራከሩኝም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ከበሩ ላይ አንሥተው፣ «ስመኝ፣ እናትሽ አልመታቻትም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ያን ዕለት የሰማንያ ቀን ሕፃን የነበረች ልጅ ምን ታውቃለች? ክንዳቸውን ያዘችና «ይሁን አባቴ፣ ይግቡ» አለቻቸው።

የቀረውን ከጎረቤቶቻቸው ሰማሁ። ስመኝ የቤቱን ቁልፍ ከእጃቸው ወሰደች። በልቻለሁ ሲሉ አታምናቸውም። ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን መሳም ከለከለቻቸው። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። እሳቸውም ነገር በተናገሩ ቁጥር «ልክ ነኝ?» እያሉ ሰው መጠየቅ ጀመሩ። የገሳይን መንገድ በጭጋግ ሲነዱ የኖሩ ሰው፣ ከመደባቸው እስከ ደጃፋቸው ያለውን ተጠራጠሩ። በመጨረሻ ቤቱን ዘግታ ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። የሄዱ ዕለት በጋራዡ ፊት ሲያልፉ አየሁ። ወጥቼ ማስቆም እችል ነበር። ከምሠራው መኪና ሥር ገባሁ።

እዚያው ባሕር ዳር አረፉ።

ባለፈው ዓመት ሐሙሲት ገበያ መሐል ስመኝን አገኘኋት። ጥቁር ለብሳለች። እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«የአባቴን ሕመም ቀድመህ ያወቅህልኝ አንተ ነህ» አለችኝ። «ባትነግረኝ ኖሮ ሳላስታምማቸው ይሞቱብኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

እኔስ ምን አልኳት? «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኋት።

ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልም። ፈርቼ ነው ብዬም አላመካኝም፤ ያስፈራኝ ከአንድ ሽማግሌ ቁጣ ሌላ ምን ነበር? አያ ጓንጉል አልታመሙም። አእምሯቸው ከኔ አእምሮ ይልቅ ጤነኛ ነበር። ያሳመማቸው የኔ ቃል ነው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የዋሸሁት እናንተን አይደለም። ይቅርታ የምለምናት አንዲት ሴት ናት፤ እሷም እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች።