የጅረቱ ማዶ

ዛሬ ጠዋት ገልባጭ መኪና ከጅረቱ ዳር ድንጋይ ሲያራግፍ ሰማሁና አባባ ትዝ አለኝ። በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ሳይገባ የቡሬ ጎረቤቶቻችንን በደቦ ጠርቶ በእኛ በኩል ረጅም ካብ አስካበ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ካቡን ገፍቶ ሲያቅተው ወደ ማዶ ዞረና የአባባን እህት ከነጎጆዋ ወሰዳት።

ከቀብሯ መልስ አባባ ነጠላውን ሳያወልቅ ካቡን በእጁ ይንድ ጀመር።

«ምነው፣ ያዳነንን ካብ!» አለች እናቴ።

«ጎርፉን መች ከለከለ፤ ላከው እንጂ» አላት።

ድንጋይ እንዴት ጎርፍ እንደሚልክ ያኔ አልገባኝም።

አሁንም በእኛ በኩል አዲስ ግንብ ሊሠራ ነው። ከማዶ ደጇን የምትጠርግ ሴት ቀና ብላ አየችኝና እጇን አውለበለበች።

«እንኳን ደስ አላችሁ!» አለችኝ።