ያላነሳሁት ስልክ

አብራኝ የምትኖረው ልጅ የቱና ቆርቆሮ ስትከፍት ከክፍሉ ወጥቼ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። እዚህ ኳታር፣ አል ሂላል ሰፈር፣ በአንድ ክፍል አራት ነን፤ መስኮቱ አንድ ስለሆነ ሽታው ቶሎ አይወጣም። «አርግዘሻል እንዴ አንቺ?» ብላ ትስቅብኛለች። ቆርቆሮው ጣ ሲልና ያ የዘይትና የጨው ሽታ ሲመጣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ አል ዋዓብ ሰፈር በሠራተኝነት የተቀጠርኩበት ቪላ ወጥ ቤት ቆሜያለሁ፤ አንዲት ግራጫ ድመት ቱናዋን እየጠበቀች እግሬ ስር ትሽከረከራለች።

ዘይቱና ትባል ነበር። ሺራዚ የሚሏት ዘር ናት፤ ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ጸጉሯ ወለል የሚጠርግ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አልወደድኳትም። እኛ ቤት ድመት የምትኖረው አይጥ እንድትይዝ ነው፤ ይቺ ኤሲ ስር ተኝታ ጸጉሯን ትበጠራለች። መበጠሩ ደግሞ የኔ ሹግል፣ የኔ ሥራ ነበር። የአሠሪዬ የማዳም ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትጠራው ድመቷን ነው። ድመቷ ግን ቀኑን ሙሉ የምትከተለው እኔን። ሳላስበው ለመድኳት። በሦስተኛው ሳምንት የሆዴን ሁሉ በአማርኛ እነግራት ነበር።

ያ ቤት ለሁሉም ነገር የተዘጋጀ ነው። ፍሪጁ ላይ የአምቡላንስ ቁጥር፣ የልጅቷ ሐኪም ቁጥር፣ ለውዝ በስህተት ከበላች የሚሰጣት መድኃኒት የተቀመጠበት መሳቢያ፣ ሁሉም ተጽፎ ተለጥፏል። ስለ ድመቷ አንድ መስመር አልነበረም። ብትጠፋ ለማን እንደሚደወል፣ ብትታመም የት እንደምትወሰድ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ወር ነበር። ስልኬ እንኳ ከኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስልክ ነው፣ ከነሲም ካርዱ። እሷ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ገብታለች። ማዳም «ይሄ የሠራተኛ ስልክ ነው» ብላ ከመጥረጊያው ጋር አስረከበችኝ።

ግንቦት መጨረሻ ነበር። ጠዋት ግቢውን በውሃ ሳጥብ የጓሮውን በር በባልዲ ደግፌ ተውኩት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ባልዲው አለ፣ ድመቷ የለችም። አልጋ ስር፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ፣ መጋረጃ ኋላ፣ የለችም። መንገድ ላይ ወጣሁ። አስፋልቱ በነጠላ ጫማዬ አልፎ ያቃጥላል፤ ብርሃኑ ነጭ ነው፣ ዓይን አያስገልጥም። «ዘይቱና! ዘይቱና!» እያልኩ በየመኪናው ስር ተንበረከክሁ።

ለማዳም ሥራ ቦታዋ ደወልኩላት። «ልጄ ሳትመለስ አግኚያት» አለችና ዘጋችው።

ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። በአራት አራት የሚጀምር፣ የማላውቀው ቁጥር ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እንደኔ ሠራተኛ የሆኑ የአገሬ ልጆች የሚመክሩኝ ነገር ነበር፤ በአራት አራት ከጀመረ የቢሮ ስልክ ነው፣ መክተቡ ነው ይላሉ። መክተብ የምንለው ያመጣን ኤጀንሲ ነው፤ ሦስት ወር ሳይሞላሽ ማዳም ካልፈለገችሽ መጥቶ የሚወስድሽ። «ካነሳሽ ሻንጣሽን አዘጋጂ ነው የሚሉሽ። የማዳም ንዴት እስኪበርድ ዝም በያቸው» ይሉኝ ነበር። ማዳም ከሳኛለች አልኩ። አላነሳሁም። ደግሞ ጮኸ። በሦስተኛው ብሎክ አደረግሁት። ብሎክ አድርጌ ደግሞ፣ ጉዴን ስሚ፣ እፎይ ብዬ ፍለጋዬን ቀጠልኩ።

ማታ ልጅቷ የድመቷን ሰሃን በረንዳ ላይ አወጣችው። «ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ» አለችኝ። እኔን ማጽናናቷ ነበር።

የቤቱ ሾፌር አበሻ ነው፤ ጴንጤ፣ መኪና ሲያቆም ሳይቀር የሚጸልይ። በማግስቱ ጠዋት «ተነሽ» አለኝ፣ «ሰው ካገኛት እንስሳት ክሊኒክ ነው የሚወስዳት። ያላ!» ይቺን ለማሰብ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶብናል። መንገድ ላይ «ጌታ ሆይ፣ ድመት እንድፈልግ ነው ኳታር ያመጣኸኝ?» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ሦስተኛው ክሊኒክ የመድኃኒትና የእርጥብ ጸጉር ሽታ ነበረው። እንግዳ ተቀባይዋ ፊሊፒናዊት ፎቶዋን ስታይ ወዲያው አወቀቻት። «ትናንት መጥታለች። የአንድ ኮምፓውንድ ዘበኛ መኪና ስር ወድቃ አግኝቷት ነው» አለችን። እኔ ዘልዬ ሾፌሩን አቀፍኩት። እሱ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ጮኸ፤ ከውስጥ አንድ ውሻ መለሰለት። እንግዳ ተቀባይዋ ግን አልሳቀችም።

«ቆዳዋ ስር የማን እንደሆነች የሚያሳውቅ ቺፕ አላት። የተመዘገበውን ቁጥር አግኝተን ደጋግመን ደወልን፤ አይነሳም። በኋላማ ጭራሽ መጥራቱንም ተወ» አለችና ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ አነበበችልን።

ቁጥር በእንግሊዝኛ ሲነበብ ቶሎ አይገባኝም። ሾፌሩ ነው ዞር ብሎ ያየኝ።

«እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ያንቺ ቁጥር አይደል እንዴ?»

ስልኬን አውጥቼ ብሎክ ያደረግሁትን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ካለው የክሊኒኩ ካርድ ጋር አስተያየሁት። አንድ በአንድ። ሁለቴ።

ሐኪሙ መጣ። ሙቀቱ ነው የገደላት አለን። እነሱ የቻሉትን አድርገዋል፤ ትልቅ ሆስፒታል ለመላክ ግን ባለቤቷ መፍቀድ ነበረበት። «እስከ ንጋት ቆይታለች» አለ። ይሄ ነው ያደረቀኝ። እኔ ስሟን እየጠራሁ በየመኪናው ስር ስንበረከክ እሷ በሕይወት ነበረች፤ ያለችበትን ሊነግሩኝ ሲደውሉ የዘጋሁባቸው ደግሞ እኔው።

ሾፌሩ ለማዳም ደውሎ ድምጹን ለሁላችንም ከፈተና የሆነውን ነገራት። ስድብ ጠበቅኩ።

«ያንን ቁጥር ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስለ ክትባቷ እየደወሉ ሥራ ላይ እንዳይረብሹኝ፣ ለሠራተኛዋ ይደውሉ ብዬ። ላንቺ አልነገርኩሽም።» ከዚያ ስታለቅስ ሰማናት።

አሁን ድመት ያላት ሰው ሳገኝ ሰላምታ ሳልጨርስ «ቺፗ ላይ ያለው የማን ቁጥር ነው?» እላታለሁ። ያበድኩ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ዛሬውኑ ደውለሽ አረጋግጪ፤ ቤት ውስጥ ስልክ የሚያነሳው ሁሉ ይወቀው።

ያን ቀን ዘይቱናን ከክሊኒኩ ለመውሰድ ፊርማ ተጠየቀ። ቁጥሩ ያንቺ ስለሆነ አንቺ ፈርሚ አሉኝ። «ባለቤት» በሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ። በነጭ ፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ትከብዳለች። መኪና ውስጥ ሾፌሩ አልቀለደም፣ አልጸለየምም። ፎጣውን ገለጥ ሳደርግ ግሉኮስ የሰጧት ቦታ ላይ የፊት እግሯን ላጭተውታል። ቴምብር የምታህል ቦታ፣ ራቁቷን፣ እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ። አውራ ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩት። አል ዋዓብ እስክንደርስ አላነሳሁትም።