ልጄ ዝም ያለችበት ሳምንት

የመጀመሪያ ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ ትምህርት በአማርኛ ብቻ በሚሰጥበት ዘመን፣ ነቀምቴ ላይ ትንሽ ልጅ የሚቀበሉ ሁለት ቦታዎች አውቅ ነበር። አንዱ ጨለለቂ ሰፈር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግቢ የተከፈተው የሕፃናት ክፍል፤ ሌላው ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የኔታ ፊደል የሚያስቆጥሩበት ዳስ።

ባለቤቴ ሸዋ ተወልዶ ያደገ የስልክ ሠራተኛ ነው፤ መስመር ሲጠግን ሳምንት ሙሉ ከቤት ይጠፋል። እኔ የዚሁ አገር፣ የኡኬ ልጅ ነኝ። ልጃችን ከኔ ጋር እየዋለች ያደገችው በኦሮምኛ ነው፤ ከአባቷ አማርኛ የያዘችው ጥቂት ቃል ብቻ። ጭንቀቴም እሱው ነበር።

ሁለቱንም ሄጄ አየሁ። የመንግሥቱ ክፍል አግዳሚ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አለው። መምህርቷ ወጣት ናት፣ ንጹሕ ነጭ ጋዋን ለብሳለች።

«አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ አይከብዳትም?» አልኳት።

«እዚህ የምንናገረው በአማርኛ ብቻ ነው። ትለምደዋለች።»

የኔታ ጋ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ፤ ከጎናቸው አለንጋ ተጋድሟል። አለንጋውን አየሁና የመንግሥቱን መረጥኩ።

በአራተኛው ቀን ልወስዳት ስሄድ ጥግ ላይ ቆማ አገኘኋት። ቀሚሷ ርሷል።

«እጇን አውጥታ ብትጠይቅ እፈቅድላት ነበር» አለች መምህርቷ። ልጄ ለካ «ፊንጫን፣ ፊንጫን» እያለች ሽንቷ እንደመጣ በኦሮምኛ ብትለምን የሰማት የለም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አፏን ዘጋች። በአማርኛም በኦሮምኛም ቃል አይወጣትም። ስጠራት ታየኛለች፣ መልስ የለም። ልጄ ድዳ ሆና ልትቀር ነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። ባለቤቴን ሳላማክር፣ በሳምንቱ የኔታ ጋ ወሰድኳት።

«የኔታ፣ ይመታሉ?» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

«ፊደሉን እያወቀ የሚያሾፍብኝን እመታለሁ። ይቺን ምን ብዬ እመታታለሁ?» አሉና ወደ እሷ ጎንበስ ብለው «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ነይ ልጄ እንደማለት። ቀና ብላ አየቻቸው።

ሁለት ቀን ከአጥሩ ውጭ ተቀምጬ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ተነሥታ በየኔታ ጆሮ አንድ ነገር ስታንሾካሹክ አየሁ። እሳቸውም አንዲት ከፍ ያለች ልጅ ጠርተው «ውጭ ወስደሽ መልሻት» አሏት። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ባለቤቴ ከመስመር ሲመለስ ተቆጣ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት እያለ ልጄን ዳስ ውስጥ?» አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው እጇን ይዞ ራሱ አደረሳት። ከየኔታ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አልነገረኝም፤ ሲመለስ «ታወራለች እኮ» ብቻ አለኝና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

በዓመቱ እዚያው ጨለለቂ አንደኛ ክፍል ገባች። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ የሚባል ነገር አልሠራሁም፤ ከበር ወደ ጓዳ ስመላለስ ዋልኩ። ልክ በስድስት ሰዓት እየሮጠች መጣችና ሁለቱን ቋንቋ እያቀላቀለች አወራችኝ፤ ከፍጥነቷ የተነሣ ግማሹ አልገባኝም።